የኤሌክትሮኖቹን ሙቀት ማን ለካው? የእጅግ ቀዝቃዛ ፕላዝማ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)

 ንግግሬን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

ስለ ፕላዝማ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት አንድ የምወደው ምሳሌ ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቼን «ፕላዝማ ሲባል ምን ይታያችኋል?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ፀሐይ፣ መብረቅ፣ የብየዳ ብልጭታ ይሉኛል፤ ሁሉም የሚያቃጥል ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «0.1 ኬልቪን» ብዬ እጽፋለሁ። በ1999 ኤሌክትሮኖቹ ከፍጹም ዜሮ በአንድ አሥረኛ ኬልቪን ብቻ ከፍ ያሉ ፕላዝማ መሠራቱንም እነግራቸዋለሁ። ክፍሉ ይደነቃል፤ እኔም በመደነቃቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ዓመት ግን ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አነሣችና «መምህር፣ 0.1 ኬልቪኑን ማን ለካው? በምንስ ተለካ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። «በሚቀጥለው ሳምንት እነግርሻለሁ» ብዬ አለፍኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ያን ሁሉ ጊዜ ስጠቅሰው የኖርኩትን ጽሑፍ አውጥቼ አነበብኩት። በጥንቃቄ ሳነበው የመጀመሪያ ጊዜዬ መሆኑን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ያገኘሁት መልስ አጭር ነበር፤ ቁጥሩ የተሰላ እንጂ በቀጥታ የተለካ አልነበረም። ጸሐፊዎቹ ይህን አልደበቁም። የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳላውቀው።

ዛሬ የማቀርብላችሁ የዚያ ቁጥር ታሪክ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በስሌት ከተሰጣቸው ቅዝቃዜ ለምን እንዳልቆዩ፣ ያሞቃቸው ምን እንደሆነ፣ የሚያቀዝቅዛቸውስ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እናያለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙቀት ልጅ

«ፕላዝማ» የሚለውን ቃል ዛሬ በፊዚክስ ለምንረዳው ነገር የሰጠው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሚር ነው፤ ጊዜውም 1928 ነበር። ላንግሚር ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ውስጥ ያሉ ጋዞችን ይመረምር ነበር። ከአቶማቸው የተላቀቁ ኤሌክትሮኖችና ኤሌክትሮን የጎደላቸው አቶሞች፣ ማለትም አዮኖች፣ በተመጣጠነ ብዛት ተደባልቀው የሚገኙበትን ሁኔታ በዚህ ስም ጠራው።

ከዚያ ወዲህ ለሰባ ዓመታት ያህል ፕላዝማ የሙቀት ልጅ ተደርጎ ሲታይ ኖረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤሌክትሮንን ከአቶም ማላቀቅ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያን ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የቅንጣቶች ኃይለኛ ግጭት ነው፤ ኃይለኛ ግጭት ያለው ደግሞ ሙቀት ባለበት ነው። የፀሐይ ገጽ 5,800 ኬልቪን ያህል፣ መሐሏም 15 ሚሊዮን ኬልቪን ያህል መሆኑን ስናስታውስ፣ «ቀዝቃዛ ፕላዝማ» የሚለው ሐረግ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል።

ይህን ልማድ የሰበረው ከሌላ የፊዚክስ ዘርፍ የመጣ ጥበብ ነው። የሌዘር ብርሃን በአግባቡ ከተመረጠ የአቶሞችን ሩጫ እየገታ ሊያቀዘቅዛቸው ይችላል። በ1997 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለዚህ ሥራ ለስቲቨን ቹ፣ ለክሎድ ኮኸን-ታኑጂና ለዊሊያም ፊሊፕስ ተሰጠ። ፊሊፕስ ይሠራ የነበረው በሜሪላንድ ግዛት፣ በጌይተርስበርግ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው ተቋም ቶማስ ኪሊያን፣ ስቲቨን ሮልስተንና ባልደረቦቻቸው አዲሱን ፕላዝማ ሠሩ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። በመጀመሪያ የዜኖን አቶሞችን በሌዘር አቀዘቀዙ፤ አቶሞቹ ከፍጹም ዜሮ በላይ የኬልቪን መቶ ሺኛ ያህል ብቻ ቀራቸው። ከዚያ 10 ናኖሰከንድ በሚቆይ የአረንጓዴ ሌዘር ምት ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖችን አላቀቁ። የሌዘሩ ጉልበት ለማላቀቅ ከሚያስፈልገው በጥቂቱ ከበለጠ ትርፉ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል። የዜኖን አዮን ከኤሌክትሮን በ240,000 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ትርፉን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚወስደው ኤሌክትሮኑ ነው። ስለዚህ የሌዘሩን ቀለም በጥቂት በጥቂቱ በመለወጥ ኤሌክትሮኖቹ ከ1,000 ኬልቪን ጀምሮ እስከ ዜሮ ጫፍ ድረስ በተፈለገው ጉልበት እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል።

ታዲያ 0.1 ኬልቪን ከየት መጣ? የሌዘሩ ቀለም ፍጹም ጥርት ያለ አይደለም፤ ጥቂት ስፋት አለው። ያ ስፋት ወደ መጠነ ሙቀት ሲመነዘር 0.1 ኬልቪን ያህል ይሆናል። ከዚያ በታች መውረድ በሌዘሩ ጥራት ይገደባል። ቁጥሩ እንግዲህ ለኤሌክትሮኖቹ ሲወጡ የተመደበላቸው የጉልበት በጀት ነው። በጀትና ወጪ አንድ እንዳልሆኑ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው።

ለምን ይህን ያህል ጓጉ?

የእነዚህን ሰዎች ጉጉት ለመረዳት አንድ ልኬት ማወቅ ያሻል። በፕላዝማ ውስጥ ሁለት ጉልበቶችን እናወዳድር። አንዱ ጎረቤታሞች በኤሌክትሪክ ኃይል የሚገፋፉበት ጉልበት ነው፤ ሌላው እያንዳንዱ ቅንጣት በሙቀቱ ምክንያት የሚሯሯጥበት ጉልበት ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የትስስር ልኬት እናገኛለን። ልኬቱ ከ1 እጅግ ካነሰ ቅንጣቶቹ በገበያ ቀን እንደሚተላለፉ ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ከ1 ከበለጠ ግን አንዱ ሲንቀሳቀስ ጎረቤቱም አብሮ ለመንቀሳቀስ ይገደዳል፤ ፕላዝማው እንደ ፈሳሽ፣ ሲበረታም እንደ ጠጣር አካል ሥርዓት ይይዛል። እንዲህ ያለ ጠንካራ ትስስር በጁፒተር ውስጠኛ ክፍልና ነጭ ድንክ በሚባሉት የሞቱ ኮከቦች ውስጥ ይገኛል። ሄደን ልንመረምራቸው ከማንችልባቸው ቦታዎች ናቸው።

በጌይተርስበርጉ ሙከራ በአንድ ኩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ እስከ 2 ቢሊዮን የሚደርሱ ኤሌክትሮኖች ነበሩ። ይህ ከምንተነፍሰው አየር በአሥር ቢሊዮን እጥፍ የሳሳ ነው። በዚህ እፍጋት የጎረቤታሞች ርቀት 5 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ የሚገፋፉበት ጉልበት በመጠነ ሙቀት ሲገለጽ 3.4 ኬልቪን ያህል ይሆናል። ይህን ለ0.1 ስናካፍል 34 ይመጣል። ከ1 በብዙ የሚበልጥ ቁጥር ነው! የ1999ኙ ጽሑፍም ኤሌክትሮኖቹም አዮኖቹም በጠንካራ ትስስር ክልል ውስጥ የገቡበትን ፕላዝማ መሥራታቸውን አስታወቀ። የኮከብ ውስጥ ሁኔታ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በጠረጴዛ ላይ፤ ተስፋው ይህ ነበር።

ክራሩ ምን ነገራቸው?

ቡድኑ በስሌቱ ረክቶ አልተቀመጠም። ፕላዝማው ከተሠራ በኋላ በምንም ዕቃ አልተያዘም፤ በባዶ ቦታ ላይ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ይሰፋል። የሚያሰፋውም የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ነው። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውጭ ለማምለጥ ሲሞክሩ ከባዶቹን አዮኖች በኤሌክትሪክ ኃይል ይጎትቷቸዋል። ኤሌክትሮኖቹ 100 ኬልቪን ከሆኑ የዜኖን አዮኖቹ በሰከንድ ወደ 80 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይበተናሉ፤ 1 ኬልቪን ከሆኑ ደግሞ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል። ስለዚህ የመስፋፋቱን ፍጥነት ማወቅ የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት ማወቅ ነው።

ፍጥነቱንስ እንዴት አወቁ? ክራርን አስቡ። የክራር ክር በተወጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ በላላ ቁጥር ይወፍራል። የፕላዝማ ኤሌክትሮኖችም የራሳቸው ቅኝት አላቸው፤ ከቦታቸው ገፋ ቢደረጉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፤ የውዝዋዜያቸው ፍጥነት የሚወሰነው በእፍጋታቸው ነው። በኩቢክ ሴንቲሜትር 2 ቢሊዮን ሲሆኑ በሰከንድ 400 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይወዛወዛሉ፤ እፍጋቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ቅኝቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቡድኑ በሬዲዮ ሞገድ ፕላዝማውን እየነካካ ቅኝቱ በየቅጽበቱ ሲወርድ ተከታተለ። ከቅኝቱ እፍጋቱን፣ ከእፍጋቱ ስፋቱን፣ ከስፋቱ ፍጥነቱን አወጣ። ውጤቱ በ2000 ታተመ።

ኤሌክትሮኖቹ ብዙ ጉልበት ይዘው ሲወጡ ሒሳቡ ተስማማ። በጀቱ እየቀነሰ፣ ቅዝቃዜው እየጨመረ ሲሄድ ግን ሒሳቡ አልገጠመም። ደመናው ከተመደበለት ጉልበት በላይ በሆነ ፍጥነት ይሰፋ ነበር። ከሌዘሩ ያልተሰጠ፣ ከውጭም ያልገባ ጉልበት ከውስጥ እየመነጨ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ቡድን ትልቅ ዜና ካወጀ በኋላ ከዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የዚያን ዜና አንድ ምሰሶ የሚያናውጥ መለኪያ በራሱ እጅ ማውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ በእርግጥ 0.1 ኬልቪን ላይ ቢቆዩ ኖሮ ደመናው ያን ያህል ሊፈጥን ባልቻለ ነበር።

የጠፋው ጉልበት

የጠፋው ጉልበት ምንጭ በ2001 ዱካው ታየ። ቡድኑ ፕላዝማው እየሰፋ ሳለ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያሳርፍበት፣ ነጻ ያልሆኑ፣ ግን በቀላሉ ነጻ ሊወጡ የሚችሉ ኤሌክትሮኖች በውስጡ መኖራቸውን አገኘ። እነዚህ በሪድበርግ አቶሞች ውስጥ ያሉ ናቸው። ስሙ የስዊድናዊውን ዮሃንስ ሪድበርግን መታሰቢያ ይዟል። የሪድበርግ አቶም ማለት ኤሌክትሮኑ ከእምብርቱ እጅግ ርቆ፣ በላላ ገመድ ብቻ ታስሮ የሚዞርበት አቶም ነው። በሌላ አነጋገር የተላቀቁት ኤሌክትሮኖች ወደ አዮኖቹ ተመልሰው እየተያዙ ነበር። በ100 ማይክሮሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ከነጻዎቹ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ተይዘዋል።

ይህ እንዴት ያሞቃል? ከተራራ ጫፍ ወደ ሸለቆ የተንከባለለ ድንጋይን እንውሰድ። የሚገታው ነገር ከሌለ ሸለቆው ውስጥ አይቀርም፤ በዚህ በኩል የወረደበትን ፍጥነት ይዞ በዚያኛው በኩል ተመልሶ ይወጣል። ኤሌክትሮንም ብቻውን ወደ አዮን ቢወድቅ እንዲሁ ተመልሶ ይሄዳል። ሸለቆው ውስጥ እንዲቀር ትርፍ ጉልበቱን የሚቀበለው ሦስተኛ አካል ያስፈልጋል። በፕላዝማ ውስጥ ያ ሦስተኛ አካል በአጠገቡ የሚያልፍ ሌላ ኤሌክትሮን ነው። ይህን የሦስትዮሽ ዳግም ጥምረት እንለዋለን። የታሰረው ኤሌክትሮን ያጣውን ጉልበት ነጻው ኤሌክትሮን ተሸክሞ ይሮጣል። አንዱ በታሰረ ቁጥር የቀሩት ይሞቃሉ። የ2001ዱ ጽሑፍ ሒሳቡን ሲያወራርድ፣ የሪድበርግ አቶሞቹ ጠቅላላ የእስር ጉልበት የቀሩት ነጻ ኤሌክትሮኖች ካገኙት ትርፍ ጋር በግምት እኩል ሆኖ ተገኘ። የጠፋው ገንዘብ በጎረቤት ኪስ ተገኘ እንደማለት ነው።

ነገሩ ግን ገና አላለቀም ነበር። የሦስትዮሽ ጥምረት ፍጥነት ከመጠነ ሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ማንስባክና ኬክ በ1969 በኮምፒውተር ያካሄዱት ስሌት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ግንኙነቱ አስደንጋጭ ነው። መጠነ ሙቀቱ በግማሽ ሲወርድ የጥምረቱ ፍጥነት ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ በአሥር እጥፍ ሲወርድ ደግሞ ከ31,000 እጥፍ በላይ። ኤሌክትሮኖቹ በበጀታቸው ልክ ቀዝቃዛ ናቸው ብለን ብናሰላ የሚጠበቀው ጥምረት ከታየው ጋር አይስማማም። ቡድኑም ይህን ሳይሸፋፍን ጻፈው፤ በዚህ ክልል የሦስትዮሽ ጥምረት ዋነኛው እንደሚሆን ይጠበቃል፣ አብዛኛው ውጤታችን ግን ከእርሱ ጋር አይስማማም የሚል ነበር የሐሳቡ ፍሬ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማከብረው ይህን ዓረፍተ ነገር ነው። መልስ ሳይኖራቸው አለመስማማቱን መዝግበው ለሌሎች አስረከቡት።

እሳቱ ከውስጥ ነው

መልሱ በ2002 ከኮምፒውተር መጣ። በዚያ ዓመት በርከት ያሉ የንድፈ ሐሳብ ቡድኖች ውጤታቸውን አከታትለው አወጡ። ከእነርሱም መካከል ፍራንሲስ ሮቢሾና ጄምስ ሃንሰን፣ እንዲሁም ኩዝሚንና ኦኒል ይገኙበታል። ቁልፉ ኤሌክትሮኖቹ በተጀመሩበት መጠነ ሙቀት ላይ እንደማይቆዩ መቀበል ነበር። ጥምረት ያሞቃል፤ ሙቀት ደግሞ ጥምረትን ያዘገያል። ስለዚህ ጥምረቱ ራሱን በራሱ ይገታል። ይህ ዑደት በስሌቱ ውስጥ ሲገባ፣ ያልተስማማው ነገር ሁሉ መስማማት ጀመረ። በሮቢሾና በሃንሰን ስሌት የኤሌክትሮኖቹ የትስስር ልኬት ከ0.2 አካባቢ አያልፍም ነበር። በጀቱ 34 ሲል የነበረው ቁጥር ማለት ነው!

የሙቀቱ ምንጮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የሥርዓት እጦት ነው። አቶሞቹ ከመላቀቃቸው በፊት ሙል ስለሌላቸው እንደ ዘፈቀደ ተበትነው ይገኛሉ፤ አንዳንዱ ለጎረቤቱ ቀርቦ፣ አንዳንዱ ርቆ። ሌዘሩ ሲመታቸው በአንድ ጊዜ የሚገፋፉ ይሆናሉ። በጣም የተቀራረቡት እርስ በርስ ይፈናጠራሉ፤ የነበራቸው እምቅ ጉልበት ወደ ሩጫ ይለወጣል። የዚህ ሙቀት መጠን ከላይ ከጠቀስኩት የጎረቤታሞች ጉልበት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ማለትም በኬልቪን ደረጃ ነው። ለኤሌክትሮኖች ይህ የሚፈጸመው በናኖሰከንዶች ውስጥ ነው። የሌዘሩ ምት ራሱ 10 ናኖሰከንድ እንደሚቆይ አስታውሱ። ምቱ ሳያልቅ ማሞቁ ጀምሯል። ሁሉም ኤሌክትሮኖች በአንድነት 0.1 ኬልቪን ላይ የተገኙበት ቅጽበት ፈልገን አናገኝም።

ሁለተኛው የሦስትዮሽ ጥምረቱ ነው። ሦስተኛው የእርሱ ተከታይ ነው፤ የታሰረው ኤሌክትሮን እዚያው ደረጃ ላይ አይቀርም። የሚያልፉ ኤሌክትሮኖች እየገጩ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ያወርዱታል፤ በወረደ ቁጥር የሚለቀቀውን ጉልበት ገጪው ይወስዳል።

«ሚስማር አናቱን ሲመቱት ይጠብቃል» ይባላል። ኤሌክትሮኖቹም እንዲሁ ናቸው፤ ወደ ቅዝቃዜ በገፋናቸው መጠን መልሰው የሚገፉበት ኃይል ይበረታል። እሳቱ ከውስጥ ነውና ከውጭ በማጥበቅ አይጠፋም።

የሚያቀዘቅዛቸው

ታሪኩ የመሞቅ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮኖቹ የሚቀዘቅዙባቸው መንገዶችም አሉ።

አንደኛው መትነን ነው። የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ በእንስራ የተቀመጠ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። በሸክላው ቀዳዳዎች ሾልኮ የሚተነው ውሃ ከሁሉ ፈጣን የሆኑትን ቅንጣቶች ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ይቀዘቅዛል። በፕላዝማውም ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች ያመልጣሉ፤ የቀሩት ይበርዳሉ።

ሁለተኛውና ዋነኛው መስፋፋት ነው። ኤሌክትሮኖቹ አዮኖቹን ወደ ውጭ ሲጎትቱ ሥራ ይሠራሉ፤ ሥራ ደግሞ ከሙቀታቸው ይከፈላል። ደመናው በዙሪያው ሁሉ በእጥፍ ሲሰፋና ሌላ ማሞቂያ ከሌለ መጠነ ሙቀታቸው ወደ ሩብ ይወርዳል። በግጭት ብቻ ለአዮኖቹ የሚያካፍሉት ሙቀት ግን ጥቂት ነው፤ የክብደታቸው ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለሆነ ዝንብ ዝሆንን እንደመግጨት ይሆናል።

እነዚህ ሁለት ወገኖች፣ አሞቂዎቹና አቀዝቃዦቹ፣ ሲፎካከሩ ምን ይሆናል? ተማሪዬ የጠየቀችው ጥያቄ በቀጥታ የተመለሰው በ2004 ነው። ሮልስተንና ባልደረቦቹ በፕላዝማው ላይ መጠነኛ የኤሌክትሪክ መስክ እያሳረፉ የሚፈሱትን ኤሌክትሮኖች በመቁጠር መጠነ ሙቀቱን ለኩ። ውጤቱ አስገራሚ ነበር። ፕላዝማው ከተሠራ ከአጭር ጊዜ በኋላ፣ ኤሌክትሮኖቹ በየትኛውም ጉልበት ቢጀምሩ፣ ወደ አንድ ጠባብ የሙቀት ክልል ይመጡ ነበር። ብዙ የተሰጣቸውም ጥቂት የተሰጣቸውም በዚያው ይገናኛሉ፤ የትስስር ልኬታቸውም ከ1 በታች ነበር። የተነሡበትን ይረሳሉ። ለእኔ የ0.1 ኬልቪኑ ታሪክ በሙከራ የተዘጋው በዚህ ነው።

በ2007 ደግሞ የዚያው ወገን ተመራማሪዎች ችግሩን ወደ መሣሪያ ለወጡት። የሦስትዮሽ ጥምረት ለመጠነ ሙቀት ያን ያህል ስስ ከሆነ፣ የጥምረቱን ፍጥነት መቁጠር ራሱ ቴርሞሜትር ነው። አዲስ የተወለዱትን የሪድበርግ አቶሞች በማይክሮዌቭ እየፈቱ ቆጠሩ። በዚህ ስሌት መሠረት ፕላዝማው እየሰፋ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹ መቀዝቀዛቸውን ቀጥለው ከ1 ኬልቪን በታች ይወርዳሉ። ቅዝቃዜው እንግዲህ አልጠፋም፤ የመጣው ግን በሌዘሩ በጀት ሳይሆን በጊዜና በመስፋፋት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ እፍጋቱም አብሮ ስለሚወርድ ጎረቤታሞቹ ይራራቃሉ፤ መጠነ ሙቀቱ ግን ከሚገፋፉበት ጉልበት በበለጠ ስለሚወርድ፣ በዚሁ ስሌት መሠረት የተመኙት ትስስር እየጠነከረ ይሄዳል።

ውሃ ከፋዩ ጋራ

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ኤሌክትሮኖቹ ስንት ዲግሪ ናቸው ከሚለው ወደ እንዴት እንዘዛቸው ወደሚለው ዞረ። እዚህ ላይ የሪድበርግ አቶሞች በድጋሚ ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ተወልደው ሳይሆን ሆን ተብሎ ተጨምረው።

የሪድበርግ አቶም ሁለት ጠባይ አለው። በጣም በላላ ሁኔታ የታሰረ ከሆነ የሚያልፍ ኤሌክትሮን ሲገጨው ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በመጨረሻም ይፈታዋል፤ ለዚህ የሚከፍለው ገጪው ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ጠበቅ ብሎ የታሰረ ከሆነ ግን ግጭቱ ወደ ታች ያወርደዋል፤ ትርፉን ገጪው ስለሚወስድ ይሞቃል። በሁለቱ መካከል እንደ ውሃ ከፋይ ጋራ ያለ ድንበር አለ፤ በዚህ በኩል የዘነበ ወደ አንዱ ወንዝ፣ በዚያ በኩል የዘነበ ወደ ሌላው ይወርዳል።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሐሳቡ ሲብላላ ቆይቶ በ2018 ከሜይን ግዛቱ ኮልቢ ኮሌጅ የመጣ ሥራ ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ላይ አሳየ። ዳንካን ቴትና ተባባሪዎቹ፣ ሮቢሾም ጭምር፣ በሩቢዲየም ፕላዝማ ውስጥ የሪድበርግ አቶሞችን እየጨመሩ የመስፋፋቱን ፍጥነት ለኩ። አንዳንዶቹ አቶሞች ፕላዝማውን አፈጠኑት፤ ሌሎቹ አዘገዩት። ምንም ለውጥ ያልታየበት ድንበር የእስር ጉልበቱ ከኤሌክትሮኖቹ የሙቀት ጉልበት 2.7 እጥፍ ያህል ሲሆን ነበር። ኤሌክትሮኖቹ 100 ኬልቪን ቢሆኑ ድንበሩ ዋና የኳንተም ቁጥራቸው 24 አካባቢ በሆኑ አቶሞች ላይ ያርፋል ማለት ነው። በ2000 ሒሳብ ያበላሸው እንግዳ በ2018 የሚታዘዝ መዘውር ሆነ። ኮልቢ ትንሽ ኮሌጅ መሆኑንም ለተማሪዎቻችን ስል እጠቅሳለሁ።

የአዮኖቹን ዕጣ በአጭሩ ልንገራችሁ። እነርሱም በሥርዓት እጦት ምክንያት 1 ኬልቪን ያህል ይሞቃሉ። ይሁን እንጂ አዮን ውስጣዊ መዋቅር ስላለው በሌዘር ሊቀዘቅዝ ይችላል። ኪሊያን ወደ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር በ2019 የስትሮንሺየም አዮኖችን በፕላዝማው ውስጥ እንዳሉ በሌዘር አቀዝቅዞ ወደ 0.05 ኬልቪን አወረዳቸው፤ የትስስር ልኬታቸውም 11 ደረሰ። የ1999ኙ ተስፋ ግማሹ ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያው ሰው እጅ ተፈጸመ። ኤሌክትሮን ግን ነጻ ሲሆን ሌዘሩ የሚይዝበት ውስጣዊ እጀታ የለውም፤ ይህ መንገድ ለእርሱ ዝግ ነው።

የኤሌክትሮኖቹን ቅዝቃዜ ከሌላ አቅጣጫ ያየው በ2021 ከጀርመን ሐምቡርግ የወጣ ሥራ ነው። እዚያ የተነሡት እጅግ ከታፈገ የሩቢዲየም ደመና ነበር፤ ያላቀቁትም በፌምቶሰከንድ ሌዘር ነው። ኤሌክትሮኖቹ በ5,250 ኬልቪን ጀምረው ከ500 ናኖሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከ10 ኬልቪን በታች ወረዱ። በታፈገው የአዮኖች እምብርት ስበት ውስጥ ተይዘው ለመውጣት ሲታገሉ ሩጫቸውን ያጣሉ። እዚህ ላይ ቁጥሩ የተለካ መሆኑን ልብ በሉ።

መደምደሚያ

ክቡራን እንግዶች፤ የ1999ኙ ጽሑፍ ተሳስቷል ልል አልመጣሁም። ያ ቡድን እውነተኛ ፕላዝማ ሠርቷል፤ አንድ ሙሉ የምርምር መስክ ከዚያ ተወልዷል። የተሳሳተው በጀቱን እንደ መለኪያ አድርጎ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ የጻፈው መምህር ነው። ጸሐፊዎቹ በአንድ ዓመት ሒሳባቸው አለመግጠሙን፣ በሁለተኛው ዓመት የታወቀው ንድፈ ሐሳብ አለመስማማቱን በግልጽ አስታወቁ። እኔ ያቆምኩት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር።

ለተማሪዬ በገባሁላት ቃል መሠረት በተከታዩ ሳምንት መልሱን ይዤ ሄድኩ። «ያኔ ማንም አልለካውም፤ ሲለካ ሌላ ሆኖ ተገኘ» ብዬ ነገርኳት። እርሷም ወዲያው «ታዲያ ሌላ ምን ያልተለካ ነገር አስተምረውናል?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። 0.1 ኬልቪንን አሁንም ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደርግና እኔ መልሱን ከመናገሬ በፊት ጠያቂውን እጠብቃለሁ። አንዳንድ ዓመት ማንም አይጠይቅም። በእነዚያ ዓመታት ትምህርቱ እንዳልሠመረልኝ እቆጥረዋለሁ።